አልሸሹም ዞር አሉ፦ «ከቅኝ ገዥ አስተሳሰብ የተላቀቀ» ስለተባለ አንድ የማኔጅመንት ኮርስ

ፍርዱን ላስቀድም። ንባቡ እጅግ ጥሩ፣ መምህራኑ ጥሩ፣ የመወያያ መድረኩ ደህና፣ ፈተናው ደካማ። ከአምስት ኮከብ ሦስት ተኩል ብሰጠው ደስ ይለኝ ነበር፤ ግማሽ መስጠት ስለማይቻል ሦስት ሆኖ ተመዝግቧል።

ኮርሱ በኢንተርኔት የሚሰጥ ነው። የሰጪውን ተቋም ስም አልጠራም፤ የማነሣቸው ጉድለቶች በዚህ ዘርፍ ብዙ ቦታ የሚታዩ ስለሆኑ አንዱን ነጥሎ መውቀስ ፍትሐዊ አይመስለኝም። ማስታወቂያው የሚለው የቢዝነስና የማኔጅመንት ትምህርትን አካታች ለማድረግና ከቅኝ ገዥ አስተሳሰብ ለማላቀቅ ለሚፈልጉ አሠልጣኞች፣ መምህራንና ሥራ አስኪያጆች የተዘጋጀ መሆኑን ነው። ሰባት ክፍሎች አሉት። ቪዲዮ፣ ንባብ፣ የቡድን ሥራ፣ በመጨረሻም ፈተናና የምስክር ወረቀት።

እኔ ለረጅም ጊዜ የውስጥ ኦዲተር ነበርኩ፤ አሁን አዲስ ለተሾሙ የክፍል ኃላፊዎች ሥልጠና እሰጣለሁ። ትናንት ባልደረባ የነበረ ሰው ዛሬ አለቃ ሲሆን ምን ማድረግ እንዳለበት ማስተማር ነው ሥራዬ። ለዚህ የምጠቀምባቸው መጻሕፍት ሁሉ አጀማመራቸው አንድ ነው፦ በመጀመሪያ ቴይለር (የሠራተኛን ሥራ በሰዓት የለካ አሜሪካዊ መሐንዲስ) ነበረ፤ ቴይለርም ሰዓት ይዞ ነበር። ቀጥሎ ፋዮል (የአስተዳደር መርሆችን የዘረዘረ ፈረንሳዊ)፣ ቀጥሎ ፎርድ፤ ከዚያ ጃፓኖች ለአንድ ምዕራፍ ብቅ ብለው ይመለሳሉ። የቀረው ዓለም ከመጽሐፉ ጫፍ አካባቢ «ታዳጊ ገበያ» በሚል ርእስ ሥር ተጠቅልሎ ይገኛል። ሠልጣኞቼ ይህን ሲያዩ ምንም አይሉም። አንዳንዶቹ ግን ያዛጋሉ፤ ማዛጋትም አስተያየት ነው።

የመጀመሪያው ክፍል መግቢያና ትርጓሜ ነው። ቶሎ እለፉት።

ሁለተኛው ክፍል ቴይለርን ራሱን ይዞ ይመጣል። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) የጠበቅኩት የተለመደውን ውግዘት ነበር፤ ያገኘሁት ግን ጥሩ ንባብ ነው። በ1911 በታተመው ሥራው ቴይለር «ሽሚት» ብሎ ስለሚጠራው የብረት ጫኝ ይተርካል። ሰውዬው በቀን የሚጭነው 12.5 ቶን ብረት ወደ 47 ቶን ከፍ ይላል፤ የቀን ደመወዙም ከ1.15 ዶላር ወደ 1.85 ያድጋል። ይህን ታሪክ ማኔጅመንት የተማረ ሁሉ ያውቀዋል። ያልተነገረን ሌላው ነው። አንደኛ፣ እነዚህን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጦ የሚያካፍል መምህር አጋጥሞኝ አያውቅም፦ ሥራው ወደ አራት እጥፍ ሲጠጋ ክፍያው የጨመረው 60 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ ቴይለር ለዚህ ሥራ የሚመጥነው ሰው በአስተሳሰቡ ከበሬ የማይሻል መሆን እንዳለበት በግልጽ ይጽፋል። ይኸው ቴይለር በዚያው ትረካ ውስጥ ሰውዬው ትንሽ መሬት ገዝቶ፣ ጠዋት ከሥራ በፊትና ማታ ከሥራ በኋላ የራሱን ቤት ግድግዳ ያቆም እንደነበር ይነግረናል። ኮርሱ ሁለቱን አንቀጾች አጠገብ ለአጠገብ አድርጎ አንድ ጥያቄ ይጠይቃል፦ ከደመወዙ ቆጥቦ መሬት የገዛ፣ ጉልበቱንና ጊዜውን አብቃቅቶ ቤት የሚሠራ ሰው ማቀድ አይችልም የተባለው በምን ማስረጃ ነው? የሰውዬው እውነተኛ ስም ሄንሪ ኖል ነበር። ይህን ጥያቄ አሁን በሥልጠናዬ ላይ አነሣዋለሁ፤ የሚያዛጋ የለም።

በዚሁ ክፍል ቻርልስ ክሊንተን ስፖልዲንግን አገኘሁት። የኖርዝ ካሮላይና ሚውቹዋል የሕይወት ኢንሹራንስ ኩባንያን ከ1923 ጀምሮ የመራ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። በ1927 ፒትስበርግ ኩሪየር በተባለው ጋዜጣ ላይ አንድ ድርጅት እንዲቃና የሚያስፈልጉትን ስምንት ነገሮች ዘርዝሮ ጽፏል፦ የሥራ ክፍፍል፣ የሥልጣን ምንጭ፣ ትብብር፣ በቂ የሰው ኃይል እያለ። የፋዮል ሥራ በእንግሊዝኛ በሰፊው የተዳረሰው በ1949 ነው። ፋዮል ግን በየመማሪያ መጽሐፉ ሙሉ ምዕራፍ ሲሰጠው ስፖልዲንግ ብዙውን ጊዜ የግርጌ ማስታወሻ እንኳን አያገኝም። ኮርሱ ስፖልዲንግን ለማወደስ ብቻ አላመጣውም፤ ዝርዝሩን ከፋዮል ዝርዝር ጋር አስተያይተን የቱ ለትንሽ ድርጅት እንደሚበጅ እንድንከራከር አደረገ። አንድን ሰው ማክበር ማለት ለእኔ እንዲህ ነው፤ ሐሳቡን መፈተን።

አሁን ወደ ሦስተኛው ክፍል። ይህ ክፍል ለብቻው የኮርሱን ዋጋ ያወጣል።

ጥያቄው ማኔጅመንት የት ተጀመረ የሚል ነው። የለመድነው መልስ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአሜሪካ የባቡር ኩባንያዎች የሚል ነው፦ ደመወዝተኛ ሥራ አስኪያጅ፣ የዕዝ ሰንሰለት፣ ወቅታዊ ሪፖርት። ኮርሱ ይህን አይክድም። አጠገቡ ግን ሌላ መዝገብ ያስቀምጣል። በ1860 በአሜሪካ ደቡብ ወደ 4 ሚሊዮን የሚጠጉ በባርነት የተያዙ ሰዎች ነበሩ፤ እነሱን በማሠራት የተሰማሩ ተቆጣጣሪዎች ደግሞ ወደ 38,000 ይጠጋሉ። እነዚህ ሰዎች ምን ነበር የሚሠሩት? ሥራ ይመድባሉ፣ ምርት ይለካሉ፣ ያወዳድራሉ፣ ሪፖርት ያደርጋሉ። ቶማስ አፍሌክ የተባለ ሰው ከ1840ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ለእርሻ ባለቤቶች የሚሸጥ፣ ቅጹ ተዘጋጅቶ የታተመ የሒሳብ መዝገብ ነበረው፤ መሙላት ብቻ ነው የሚቀረው። እያንዳንዱ ሰው በየቀኑ የለቀመው ጥጥ በክብደት የሚሰፍርበት ገጽ አለው። በባርነት የተያዙት ሰዎች ስማቸው፣ ዕድሜያቸውና በዓመቱ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ያላቸው የዋጋ ግምት የሚጻፍበት ሰንጠረዥም አለው። የልጅ ማደግ ዋጋ ይጨምራል፤ የአዋቂ ማርጀት ይቀንሳል። ልዩነቱ ከዓመቱ ውጤት ጋር ይሰላል።

ቅጹን በስክሪኔ ላይ ሳየው ዓይኔ ከልማድ የተነሣ መጀመሪያ ያረፈው በአሠራሩ ላይ ነው። የመክፈቻ ሒሳብ አለ፣ የመዝጊያ ሒሳብ አለ፣ ዓምዶቹ ይናበባሉ፣ ድምሩ ይመታል። ማንም ኦዲተር ነቀፌታ የሌለበት አስተያየት ይሰጠው ነበር። የእኛ ሙያ የሚጠይቀውን ሁሉ ያሟላል። ይህን ካየሁ በኋላ «የሒሳብ መዝገብ ገለልተኛ ነው» የሚለውን አባባል ሠልጣኝ ፊት ቆሜ መናገር አልቻልኩም።

ጥሩው ነገር ክፍሉ እዚህ አለማቆሙ ነው። ቀጥሎ አንድ የገቢና የወጪ ዕቃዎች ሰንጠረዥ ሰጡን፤ የአገሩ ስምም ዓመቱም የለበትም። በአንድ በኩል የሚወጣው ብዙና ውድ ዕቃ፣ በሌላ በኩል የሚገባው ጥቂት ነው። ምን ታያላችሁ? አሉን። በቡድናችን ውስጥ የፋይናንስ ዳይሬክተር የሆነ ሰው አለ፤ ወዲያውኑ «ጤናማ የንግድ ሚዛን» ብሎ ጻፈ። እኔም ስለ ምንዛሪ ክምችት አንድ አንቀጽ ጨመርኩ፤ ሌሎቹም ተስማሙ። ከዚያ ስሙ ወጣ። የቤልጂየሙ ንጉሥ ሊዮፖልድ ኮንጎ ነው። ኤድመንድ ሞሬል የተባለ የሊቨርፑል የመርከብ ኩባንያ ጸሐፊ በ1890ዎቹ መጨረሻ በቤልጂየሙ የአንትወርፕ ወደብ ላይ የተመለከተው ይህንኑ ነው፦ ከኮንጎ ጎማና የዝሆን ጥርስ ይመጣል፤ ወደ ኮንጎ የሚሄደው በአብዛኛው ጠመንጃና ጥይት ነው። ለጎማው የሚከፈል ሸቀጥ በመርከቡ ላይ የለም። ካልተከፈለ ደግሞ ሰዎቹ በግድ ነው የሚሠሩት። ሞሬል ኮንጎን ሳይረግጥ፣ ወረቀት ብቻ አገላብጦ ደረሰበት፤ በ1901 ሥራውን ለቆ ዘመቻ ጀመረ፤ በ1908 ኮንጎ ከንጉሡ የግል እጅ ወጥታ በቤልጂየም መንግሥት ሥር ሆነች። ያ ደግሞ ነፃነት አልነበረም፤ ኮርሱም እንደ መልካም ፍጻሜ አላቀረበውም።

እዚህ ላይ ነው ኮርሱ ልቤን የገዛው። አፍሌክ መዝገብ ሰውን እንዴት ወደ ዕቃ እንደሚለውጥ ያሳያል፤ ሞሬል ያንኑ መዝገብ በማንበብ የተሰወረውን ሰው መፈለግ እንደሚቻል። ለኦዲተር ከዚህ የሚበልጥ ትምህርት የለም። ይህን ትምህርት ለማግኘት አዲስ ፍልስፍና አላስፈለገም፤ ሙያው ያለውን መሣሪያ በሌላ ጥያቄ መጠቀም በቃው። እንግሊዝ በ1833 ባርነትን በሕግ ስታግድ 20 ሚሊዮን ፓውንድ ካሳ መመደቧን፣ ካሳው የተከፈለው ለባሪያዎቹ ሳይሆን ለባለቤቶቹ መሆኑን፣ ያ ዕዳ የተቀላቀለበት ብድር ተከፍሎ ያለቀው ገና በ2015 መሆኑንም እንደ ረጅም ጊዜ ዕዳ ምሳሌ አቅርበውታል። የፋይናንስ ተማሪ ይህን አንዴ ካየ አይረሳውም።

አራተኛው ክፍል ስለ አክሲዮን ኩባንያ ነው። አጭር ነው፤ ጥሩ ነው። የሆላንድ ምሥራቅ ህንድ ኩባንያ በ1602 ተቋቋመ፤ አክሲዮኑ አምስተርዳም ላይ ይገበያይ ነበር፤ ይህን የፋይናንስ መጻሕፍት በኩራት ይጽፉታል። በ1621 ኩባንያው ገውዝ የተባለው ቅመም የሚበቅልባቸውን የባንዳ ደሴቶች በጦር ያዘ፤ ከነዋሪው አብዛኛው ተገደለ፣ በባርነት ተጋዘ ወይም ተሰደደ። ይህን መጻሕፍቱ አይጽፉትም። ኮርሱ ሁለቱን ዓመታት በአንድ ገጽ ላይ አድርጎ፣ የአክሲዮን ባለቤቱ ኃላፊነት ካስቀመጠው ገንዘብ አይበልጥም የሚለው ሐሳብ ማንን ከምን እንደሚጠብቅ ይጠይቃል። አንድ ተጨማሪ ሳምንት ቢሰጠው አልጠላም ነበር።

አምስተኛው የባህል ክፍል ነው፤ ማለትም የአገሮችን ባህል በቁጥር የለካው ሆላንዳዊ ተመራማሪ ሆፍስቴድ። አሠልጣኝ የሆነ ሁሉ ባለቀለም ዓምዶቹን ያውቃቸዋል፦ የሥልጣን ርቀት፣ ግለኝነት ወዘተ። መረጃው የተሰበሰበው በ1967 እና በ1973 መካከል፣ ከአይቢኤም ሠራተኞች፣ ከ100,000 በላይ በሆኑ መጠይቆች ነው። ውጤቱ በ1980 ታተመ። ኮርሱ እዚህ ላይ የማረከኝን አንድ ዝርዝር አወጣ፤ በኋላ በወጡት ሰንጠረዦች ላይ «ምሥራቅ አፍሪካ» የሚል አንድ መስመር አለ፤ በእርሱ ሥር የተጠቃለሉት ኢትዮጵያ፣ ኬንያ፣ ታንዛኒያና ዛምቢያ ናቸው። አራት አገር፣ አንድ ቁጥር። ያም ቁጥር የተቀዳው በዚያ ዘመን የኮምፒውተር ኩባንያ ተቀጥረው ከሚሠሩ ሰዎች ነው። ከዚህ ቁጥር ተነሥቶ «በእናንተ አካባቢ ሰው አለቃውን አይጠይቅም» የሚል አማካሪ ስንቱን ስብሰባ አሰልችቷል! የኮርሱ ትችት ግን ስድብ አልነበረም። ሆፍስቴድ ራሱ መለኪያው አገርን ከአገር ለማነጻጸር እንጂ ግለሰብን ለመመዘን እንዳልሆነ ማስጠንቀቁንም ነግረውናል። ሚዛናዊ ነው፤ ወደድኩት።

ስለዚህ ስድስተኛውን ክፍል ስከፍት የደረሰብኝን ድንጋጤ አስቡት። ርእሱ «የአፍሪካ የአመራር ዘይቤ» ነው። አንድ ዘይቤ! ለመላው አህጉር! ኡቡንቱ በ12 ደቂቃ ቪዲዮ ቀረበ፤ ከበስተጀርባ ከበሮ ይመታል፣ ፀሐይ ትጠልቃለች። «እኔ የሆንኩት እናንተ ስላላችሁ ነው» ተባለና አለቀ። ኡቡንቱ በደቡባዊ አፍሪካ ሕዝቦች ዘንድ ጥልቅ ትርጉም ያለው ሐሳብ ነው፤ በደቡብ አፍሪካ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት በ1995 የሞት ቅጣትን ባነሣው ውሳኔ ውስጥ ዳኞች ተከራክረውበታል። ያንን ክርክር ማንበብ ይቻል ነበር። ዕርምጃ ሲወሰድ፣ ሠራተኛ ሲባረር፣ ትርፍ ሲከፋፈል ይህ ሐሳብ ምን ይላል? የሚከራከሩበትስ እነማን ናቸው? አለቃ የሠራተኛን ዝምታ ለመግዛት ሲጠቀምበትስ? አንዱም አልተነሣም። በአምስተኛው ክፍል ሆፍስቴድን የወቀሱበትን ነገር በስድስተኛው ራሳቸው በከበሮ አጅበው አደረጉት።

የሕንዱ ሊጃት ኅብረት ሥራም በዚሁ ክፍል እንዲሁ ባከነ። በ1959 ቦምቤይ ውስጥ ሰባት ሴቶች 80 ሩፒ ተበድረው የጀመሩት የፓፓድ (ከጥራጥሬ ዱቄት የሚሠራ ስስ ቂጣ) ሥራ ዛሬ ከ40,000 በላይ ሴት አባላት አሉት፤ አባላቱ ባለቤቶች ናቸው፣ ትርፍም ኪሳራም ይካፈላሉ። እኔ ልማር የፈለግኩት አሠራሩን ነው። ሊጡ በቅርንጫፉ ይቦካል፤ አባላቱ ወስደው ቤታቸው ይዳምጡታል፤ በማግስቱ ሲመልሱ ጥራቱ ይታያል፣ ይመዘናል፣ ይከፈላቸዋል። በሺዎች በሚቆጠሩ ቤቶች ውስጥ የተሠራ ነገር አንድ ዓይነት ጣዕምና ውፍረት እንዲኖረው ማድረግ የምርት አስተዳደር ጥያቄ ነው፤ ቶዮታ ሲሆን ሦስት ሳምንት የምንማርበት ዓይነት ጥያቄ። ኮርሱ ግን «ሴቶችን ማብቃት» በሚል ርእስ ሥር አስገብቶት፣ የመወያያ ጥያቄው «አባላቱ ምን የተሰማቸው ይመስላችኋል?» ሆነ። የጃፓን ፋብሪካ ሲሆን ዘዴውን እናጠናለን፣ የቦምቤይ ሴቶች ሲሆኑ ስሜታቸውን እንገምታለን። ይህን በመድረኩ ላይ ጻፍኩት፤ አንዷ መምህርት ትክክል ነሽ ብላ ስለ ጥራት ቁጥጥሩ የሚያወራ ጽሑፍ ለጠፈችልን። ለዚህ ምስጋናዬ ትልቅ ነው፤ በሚቀጥለው ዙር ከዋናው ንባብ ውስጥ ቢያስገቡት ደግሞ የበለጠ።

ሰባተኛው ክፍል ስለ ክፍል ውስጥ ነው፤ ማለትም ስለ ማስተማር ራሱ። ስለ ኬዝ ዘዴ፣ ማለትም የአንድ ድርጅትን ታሪክ አንብቦ ስለ ውሳኔው በመከራከር ስለ መማር፣ ጠንካራ ትችት አለው። የሃርቫርድ ቢዝነስ ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1908 ሲሆን፣ ሁለት ዓመት ለሚፈጀው የኤምቢኤ (የቢዝነስ አስተዳደር ማስተርስ) ትምህርት ሴቶችን መቀበል የጀመረው ግን በ1963 ነው። በ2014 ዲኑ ኒቲን ኖሪያ ትምህርት ቤቱ ሴቶችን የያዘበትን መንገድ በይፋ ይቅርታ ሲጠይቅ፣ ከትምህርት ቤቱ ኬዞች ውስጥ ሴት ዋና ባለታሪክ ያላቸው 9 በመቶ ገደማ ብቻ መሆናቸው ተገልጾ ነበር፤ በአምስት ዓመት ወደ 20 በመቶ ለማድረስም ቃል ገብቷል። ኮርሱ ይህን ካቀረበ በኋላ ከቁጥሩ አልፎ ይሄዳል። ኬዙ ሁልጊዜ የሚጀምረው አንድ ሥራ አስኪያጅ በመስኮት እያየ ሲያስብ ነው፤ መረጃው ሁሉ ከእርሱ ጠረጴዛ ነው የሚታየው፤ ተማሪው የሚጠየቀው «አንተ እርሱን ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?» ተብሎ ነው። ባለታሪኩን ሴት ወይም ጥቁር ማድረግ ጠረጴዛውን አይቀይረውም። የጽዳት ሠራተኛዋ፣ አቅራቢው ገበሬ፣ ማኅበሩ የት አሉ? በክፍል ውስጥ የመናገር ውጤት በአንዳንድ ትምህርት ቤቶች የጠቅላላውን ግማሽ እስከመያዝ ይደርሳል፤ ይህም ፈጥኖ ለሚናገር፣ በቋንቋው ላደገ፣ ላያፍር ለለመደ ሰው የሚሰጥ ድጎማ ነው አሉ። ድጎማ የሚለው ቃላቸው በጣም ጥሩ ነው።

ይህን ሁሉ ብለው ሲያበቁ ፈተናው ተከፈተ።

90 ደቂቃ። ለብቻ። አንድ ኬዝ። አንድ ሥራ አስኪያጅ ወደ አዲስ ገበያ ለመግባት እያሰበ ነው። አንተ እርሱን ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?

ሥራ አስኪያጇ ሴት ናት፤ ያ ተቀይሯል። አበው አልሸሹም ዞር አሉ የሚሉት ይህንን ነው። የቡድናችን አባል የሆነች የሠራተኛ ማኅበር አማካሪ፣ በሰባተኛው ክፍል የተማረችውን አምና መልሷን ከፋብሪካው ሠራተኞች በኩል ጻፈች፤ ኬዙ የደበቀውን መረጃ ዘርዝራ «ይህ ሳይታወቅ መወሰን አይገባም» ብላ ደመደመች። ጽሑፏን አሳይታኛለች፤ እኔ አራሚ ብሆን ከሁላችንም አብልጬ እሰጣት ነበር። አነስተኛ ውጤት ነው ያገኘችው፤ ምክንያቱም የማረሚያ መስፈርቱ «የውሳኔ ሰጪውን ጥያቄ በቀጥታ መመለስ» የሚል መስመር አለው። ስትጠይቅ የተሰጣት መልስ ትሕትና የተሞላ ነው፦ መስፈርቱን ያወጣው ምስክር ወረቀቱን የሚሰጠው ክፍል ነው፣ የኮርሱ መምህራን አይደሉም። ተማሪ ግን የሚያጠናው የሚታረምበትን ነው። ንባቡን ያወጣው አንድ ወገን፣ ፈተናውን ያወጣው ሌላ ወገን ከሆነ፣ ተቋሙ የትኛውን እንደሚያምን ለማወቅ ፈተናውን ማየት ይበቃል።

የመድረኩም ተሳትፎ ውጤት አለው፤ የሚለካው ደግሞ በጻፍከው መልእክት ብዛት ነው። ውጤቱን መገመት አይከብድም። «በጣም ጥሩ ሐሳብ፣ እስማማለሁ» የሚል ናዳ። ከቀጥታ ስብሰባዎቹ አንዳንዶቹ ለግማሹ ተሳታፊ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነበሩ፤ ቅጂው ይለጠፋል፣ ሆኖም ቅጂ ያየ ሰው የተሳትፎ ነጥብ አያገኝም። እንቅልፍ ያለው ሰው ነጥብ የለውም ማለት ነው።

ስለ ተደራሽነት ካነሣሁ፣ ለቪዲዮዎቹ ሙሉ ጽሑፍ ተዘጋጅቷል፣ አውርዶ ማንበብ ይቻላል፤ ደካማ ኔትወርክ ላለው ሰው ትልቅ ነገር ነው። አንዳንዶቹ ንባቦች ግን በፎቶ የተነሡ ፒዲኤፎች ስለሆኑ ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም አይገባባቸውም። ዓይነ ስውር የሆነ አንድ ተሳታፊ ሲያመለክት የተወሰኑትን ቀየሩ፤ የአፍሌክን መዝገብ የያዘው፣ ማለትም ዋናው፣ እስከ መጨረሻው አልተቀየረም። ክፍያው የሚቀበለው ዓለም አቀፍ ካርድ ብቻ ነው። በአካታችነት ስም ለሚሸጥ ኮርስ ይህ የመጀመሪያው በር መሆኑን ማን ያስታውሳቸው?

አንድ የጎደለ ነገር አለ፤ ለእኔ ከፈተናው ቀጥሎ ትልቁ ጉድለት ይህ ነው። ስለ ደረጃ አሰጣጥ አንድም ቃል የለም። ፋይናንሻል ታይምስ ለኤምቢኤ ፕሮግራሞች በሚያወጣው ዓመታዊ ደረጃ ለብዙ ዓመታት ከነጥቡ 40 በመቶ የሚሆነው የተመራቂዎች ደመወዝና የደመወዝ ዕድገት ነበር። ይኸው ጋዜጣ ለምርምር መለኪያ የሚጠቀምባቸው 50 መጽሔቶች ዝርዝር አለው፤ የሚታተሙት በእንግሊዝኛ ነው። አሁን አንድ ወጣት መምህር ስለ አካባቢው ኅብረት ሥራ ማኅበራት በአፍ መፍቻ ቋንቋው ጽፎ ለማሳተም ቢፈልግ ዲኑ ምን ይለዋል? ተመራቂዎቹን ወደ ኅብረት ሥራና ወደ ሕዝብ አገልግሎት የሚልክ ትምህርት ቤትስ ደረጃው ወዴት ይሄዳል? መምህራን ክፉ ስለሆኑ አይደለም ሥርዓተ ትምህርቱ የማይነቃነቀው፤ ዕድገታቸውና በጀታቸው የሚሰላው በዚህ ነው። የሒሳብ መዝገብን እንዲህ አድርጎ ማንበብ የቻለ ኮርስ፣ የራሱን ዘርፍ መዝገብ ሳይገልጥ ማለፉ አስገርሞኛል። ሦስተኛውን ክፍል የጻፉት ሰዎች ይህን ቢጽፉት ምን ዓይነት ክፍል ይወጣው ነበር!

እንግዲህ ማን ይውሰደው? አሠልጣኝ ወይም መምህር ከሆናችሁ፣ በተለይ ሒሳብና ፋይናንስ የምታስተምሩ ከሆነ፣ ከሁለተኛው እስከ አምስተኛው ያሉትን ክፍሎች ያለ ማመንታት ውሰዱ። ኤምቢኤ ላይ ያላችሁ ተማሪዎችም ለመማሪያ መጽሐፋችሁ ማጣፈጫ ታገኙበታላችሁ። «የአፍሪካ አመራር» ፍለጋ የምትመጡ ከሆነ ግን ይቅርባችሁ፤ ስድስተኛው ክፍል ውስጥ ከበሮ ነው ያለው። ለዕድገት ወይም ለሥራ ማመልከቻ የምስክር ወረቀቱ የግድ የሚያስፈልጋችሁ፣ ለፈተናው ስትቀመጡ የተማራችሁትን ሁሉ ለ90 ደቂቃ ወደ ጎን አድርጋችሁ ሥራ አስኪያጇን ሁኑ፤ ታልፋላችሁ።

ወረቀቱ የማያስፈልጋችሁ ከሆነ ፈተና ሳይወስዱ መከታተል የሚቻልበት ምዝገባ አለ፤ ከገጹ ግርጌ በትንሽ ፊደል ተጽፏል፣ ፈልጉት። ንባቡና ቪዲዮው ያው ነው፣ መድረኩም ክፍት ነው፣ ክፍያው ደግሞ ከግማሽ በታች ነው።